የመና ደብዳቤ በጎባ በኩል

መንገድ መጠቆም የምንወድ ሰዎች ነን። «አላውቅም» ብሎ እንግዳን ባዶውን ከመመለስ፣ አሳስቶ መላክ የተሻለ ትሕትና ይመስለናል። ሮቤ ገበያ ዳር ቆማችሁ የአንድ ሰው ቤት በየት እንደሆነ ብትጠይቁ የመንገድ ስም ወይም የቤት ቁጥር የሚነግራችሁ አታገኙም። «በሐጂ ቤት በኩል አድርጋችሁ፣ ወፍጮውን አልፋችሁ፣ እዚያ ደግሞ ጠይቁ» ትባላላችሁ። ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው፦ «እዚያ ደግሞ ጠይቁ»። ጠቋሚው ኃላፊነት የሚወስደው እስከ ወፍጮው ድረስ ብቻ ነው። ከወፍጮው ወዲያ ያለው የአላህና የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጉዳይ ነው።

ሌላም ጠባይ አለን። የላክነው ነገር ሳይደርስ ሲቀር መንገዱን አንጠረጥርም፤ ሰውየውን ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ስንጥሩን ሁልጊዜ የምንፈልገው በሰው ልብ ውስጥ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ጎሮ ለምትኖር ዘመዷ አንድ ቅል ማር በሚኒባስ ልካ፣ «ደረሰኝ» የሚል ቃል ስላጣች ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታናግራት ቆየች። የዘመዷ ልጅ ስትዳርም አልሄደችም። ማሩ ግን ጎሮ አልደረሰም ነበር። ሾፌሩ ነው የበላው፤ ያውም ከነሰፈፉ።

ይህን የምለው ከማንም ተሽዬ አይደለም። ዝምተኛ ሰው ደግ ይመስላችኋል። አይምሰላችሁ። ተናጋሪ ሲናደድ ይጮኻል፣ ይወጣለታል፤ ዝምተኛ ግን የሰው ስም በሆዱ ይዞ ቀኑን ሙሉ ወለል እየወለወለ ያኝከዋል።

ወለል ያልኩት ለምሳሌ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ፣ አግብቼ፣ ልጄን ነኢማን ወልጄ፣ ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበራት መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት በኮንትራት እሠራ ነበር። ኮንትራት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፦ በየሦስት ወሩ ትሞታላችሁ፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ ሰው ፈርሞ ያስነሣችኋል። ባለቤቴ በአጨዳ ወራት ኮምባይነር ላይ ይሠራል፤ ስንዴው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ቋሚ» የሚል ቃል ሲነሣ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ያዳምጣል።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የቋሚ ጽዳት ሠራተኛ መደብ ተፈቀደ። የሚጠይቀው የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። እኔ ሮቤ የሠራሁት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ፣ ከዚያ በፊት ግን መና ባለው ቅርንጫፋችን ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሲደመር ይተርፈኛል። የጎደለው የመና ቅርንጫፍ ኃላፊ «አዎ፣ ሠርታለች» ብላ የምትጽፈው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ጋሽ በላይ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ሕግ ከዳዊት እኩል የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ቀን ጠርተው ነገሩኝ።

«ልጄ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ማስረጃሽ ካልመጣ መደቡ ይታጠፋል።»

መደብ እንደ ጋቢ ይታጠፋል፤ የታጠፈ መደብ መልሶ የሚዘረጋ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጋሽ በላይ እዚያው እያየኋቸው፣ ሁለት ጣታቸውን ብቻ እያሠሩ ደብዳቤውን ጻፉ፤ የወጪ ቁጥር ሰጡት፤ በኢሜይል ላኩት። ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ስልክ እንዳንደውል የመና የስልክ ማማ መብረቅ መትቶት ከሁለት ሳምንት በላይ ድምፁ ጠፍቷል። ሰው በአውቶቡስ እንዳንልክ ዝናቡ ሃረና ጫካ ውስጥ መንገዱን ጭቃ አድርጎት፣ የሄደው መኪና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ተስፋዬ ሁሉ በኢሜይሉ ላይ ቀረ።

መልስ የለም። ረቡዕ የለም። ሐሙስም የለም።

አሁን ስለ አዴ ዘሃራ ልንገራችሁ። አዴ ዘሃራ፣ እኛ ጋ «አዴ» እናት እንደማለት ነው፣ የመና ቅርንጫፍ ኃላፊ ናቸው፤ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት። ሁለት ዓመት ሻያቸውን አፍልቻለሁ፤ ነኢማን ሳረግዝ ከባድ ባልዲ እንዳላነሣ ራሳቸው ያነሡልኝ ነበር። ባለቤቴ ሮቤ አካባቢ ሥራ ሲያገኝ ግን «ልለቅ ነው» አልኳቸው። «ምትክ እስኪመጣ አንድ ወር ቆዪልኝ» አሉኝ። አልቻልኩም፤ መኪናው በማግስቱ ነው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በእኛ አገር ሰው ከታላቅ ሰው ሲለይ እጁን ዘርግቶ የምርቃት ዱዓ ይቀበላል፤ እኔ ግን እጄን ሳልዘረጋ ወጣሁ። ያ የዞረ ፊት ዓመት ከመንፈቅ በሆዴ ነበር። በዚያ ሳምንት ደግሞ አፍ አወጣ። «ይኸው፣ ቀኑን ጠብቃ ተበቀለችኝ» አልኩ በሆዴ። በሆዴ ስለሆነ አንቱታውንም ተውኩት። ረቡዕ ዕለት መተላለፊያውን ስወለውል የተመኘሁላቸውን ነገር እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

ሐሙስ ጠዋት ድፍረቴን ሰብስቤ ጋሽ በላይ ዘንድ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን ደግመው ቢልኩልኝስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ወጪ ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ እንዴት ሁለት ጊዜ ይወጣል? ማስታወሻ ለመጻፍ ደግሞ ሦስት የሥራ ቀን ማለፍ አለበት። ሕጉ ነው ልጄ። ደግሞ ነገ ጎባ ግምገማ አለብኝ፤ የምመለሰው ከአሥር በኋላ ነው።»

ጊዜው የግምገማ ጊዜ ነበር። የአንድ ለአምስት፣ የለውጥ ሠራዊት ጊዜ። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ወይ ሊገመግም እየሄደ ነው፣ ወይ ተገምግሞ እየተመለሰ ነው።

ከጋሽ በላይ ቢሮ ወጥቼ ወደ ጀማል ክፍል ሄድኩ፤ የማጸዳበት ሰዓት ነው። ጀማል የአይቲ ባለሙያችን ነው፤ የጎባ ልጅ፣ ቀጭን፣ አፈ ጣፋጭ። ሥራውን ለማንም ማስረዳት ይወዳል፤ የሚሰማው ግን እኔ ብቻ ነኝ፣ ምክንያቱም ወለሉን እየወለወልኩ መውጣት አልችልም። በግንቦት መጨረሻ ለመሥሪያ ቤቱ አንዲት አዲስ መሣሪያ መጥታ ነበር፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ብረት፣ ፊቷ ላይ ትንንሽ መብራት የሚርገበገብባት። ሥራዋ የሚገባውንም የሚወጣውንም ኢሜይል እንደ በር ጠባቂ መፈተሽ ነው፤ ቫይረስ የያዘውን ታስቀራለች፣ ንጹሑን ታሳልፋለች። «ፈታሿ» አልናት። ኪስ ሳትዳብስ የምትፈትሽ የመጀመሪያዋ ፈታሻችን ናት።

ጀማል የተከላት ዕለት እንዲህ ብሎ አስረድቶኝ ነበር፦ «እይ መኪያ፣ ይቺ ሴትዮ የባሌን አገር አታውቅም። የማታውቀውን ሁሉ በአንድ ትልቅ በር ወደ ውጭ ነው የምትወረውረው፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓለም። ጎባና መና ያሉት ቢሮዎች የእኛው ቤተሰብ መሆናቸውን በእጅ ጽፈሽ ካልነገርሻት የመናን ደብዳቤ አሜሪካ ስትፈልግ ትኖራለች። ‹ለጎባ የሚሄድ በዚህ በር፣ ለመና የሚሄድ በዚያ በር› ብለሽ ትጽፊላታለሽ። ስታቲክ ራውት ይባላል። በራሷ አትለውጠውም። የጻፍሽላትን እስከ ቂያማ ቀን ታምናለች።»

ሚስት ብትሆን እንዴት ያለች ነበረች!

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛውን ስወለውል ያ የመንገድ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል አነባለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ድረስ ያለው በከንቱ አልሄደም። አንዱ መስመር «ጎባ» ይላል፤ ሁለተኛው «መና»። በእያንዳንዱ መጨረሻ የበሩ ቁጥር አለ። የጎባው በር መጨረሻው አምስት ነው። የመናውም በር መጨረሻው አምስት ነው። አየሁት፣ አለፍኩት። ምን አገባኝ።

ከዚያ መወልወያዬን ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ትልቅ ነጭ ዲሽ አለ፤ አጥሩ ጨርቅ ለማስጣት ይመቻል። ከዲሹ እግር የሚነሣው ኬብል በመስኮቱ ቀዳዳ ገብቶ ከጀማል ወንበር ጀርባ ካለች ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል። አቧራዋን በየሳምንቱ የማራግፍላት እኔ ነኝ። በላይዋ የተለጠፈች ወረቀት ላይ «መና» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ቁጥር አለ፤ መጨረሻው ዘጠኝ ነው።

እርጥቡን መወልወያ እንደያዝኩ ቆምኩ። ዲሹ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቷል። የመና ነገር ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከሰማይ መና ይወርዳል ማለት ነው። ጎባ ምን ይሠራል?

ያንን ቀን ሙሉ አልተናገርኩም። ዲግሪ ያለው ሰው ጋ ሄዶ «ተሳስተሃል» ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ እኔ የፈለግሁት ደጃዝማችነት አይደለም፣ ጽዳት ነው፤ እሱም ሊቀርብኝ ነው። ነኢማ የዚያን ቀን ማታ እራት ስታበላኝ፣ እሷ እኔን ማለቴ ነው፣ ጉርሻዋን አፌ ደጃፍ ላይ ይዛ «እማ፣ ክፈቺ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ጀማል ፊት ከፈትኩት።

«ጀማል፣ የመና ደብዳቤ ለምንድን ነው በጎባ በር የሚወጣው?»

ሳቀ። «ወይ መኪያ! አንቺ ራስሽ ከመና ስትመጪ በየት መጣሽ?»

«በሃረና፣ በሳነቴ፣ በጎባ።»

«ታዲያ? ከሮቤ መና በሌላ መንገድ የሄደ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩት። «ግን ሰውና ወሬው በአንድ መኪና ይሄዳሉ እንዴ? የመና ሽቦ ዲሹ ጋ ነው። ሳጥኗ ላይ ያለው ቁጥር መጨረሻው ዘጠኝ ነው፤ አንተ የጻፍከው አምስት ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዞሮ ሳጥኗን አየ። ስክሪኑን አየ። ሳጥኗን እንደገና አየ። የጎባ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የመና ቡና ጭነው የሚመጡ መኪኖችን በሙሉ በደጁ ሲያልፉ አይቷል። የባሌን መንገድ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ለዚህ ነው የተሳሳተው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መና በየት እንዳለች የማያውቅ ሰው ቢሆን የሳጥኗን ቁጥር አንብቦ በጻፈ ነበር።

«ወላሂ…» አለ። ሌላ ገጽ ከፈተ። ለመና የሚሄዱ ሦስት ደብዳቤዎች ፈታሿ ጋ ተቀምጠዋል። አንዱ የጋሽ በላይ ነው። በየጊዜው ወደ ጎባ ትልካቸዋለች፤ ጎባ ያለው መሣሪያ «መናን አላውቅም» ይላል፤ ቆይታ ደግማ ትልካለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። ማንም ያላስተዋለው የመና ዝምታ በክረምት ወሬ ስላልሆነ ነው። አንዱ «ሰነፎች ናቸው» ይላል፣ ሌላው «ኮርተው ነው»፤ እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ።

«እስከ መቼ ትይዘዋለች?» አልኩት።

«ሦስት ቀን። ከዚያ ‹አልደረሰም› ብላ በእንግሊዝኛ ለላኪው ትመልሳለች፤ የሚያነበው ግን የለም።» ቆጠረ። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ በላይ ጎባ ግምገማ ላይ ናቸው። ደብዳቤው ከተመለሰ ደግሞ የሚልክ የለም፤ ቢኖርም ቁጥሩ ወጥቷል። ጀማል ዝርዝሩን ከፍቶ አምስቱን አጥፍቶ ዘጠኝ ጻፈ፤ ከሥር ያለውን ቁልፍ ተጫነ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሊሆን ነው፤ የጁምዓ እረፍት።

«አለቀ። አብሽሪ፤ አሁን ራሷ ትልከዋለች» ብሎ ጃኬቱን አንሥቶ ሮጠ።

እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። ቁጥሩ ሦስት ይላል። ጠበቅሁ። ሦስት። ምሳዬን ሳልበላ ጠበቅሁ። አንዴ ነቅነቅ አለና ደስ ሲለኝ፣ አራት ሆነ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ለመና ጽፎ ተጨምሯል። ሰባት ሰዓት አለፈ። ስክሪኑ ጫፍ ላይ አንድ ቢጫ ቁልፍ በርቷል፤ ጠዋት አልነበረም። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ኮሚት ቼንጅስ»። ቼንጅ ለውጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ ዘመን ለውጥ የሚለውን ቃል በሦስት ቋንቋ የማያውቅ የመንግሥትም የማኅበርም ሠራተኛ አልነበረም። የመጀመሪያዋን ቃል ግን አላውቃትም። ለውጡን አጽድቂ ይሁን፣ ለውጡን ሰርዢ ይሁን፣ ከየት ልወቅ? እጄ ሁለቴ ወደ መዳፊቱ ሄደ፤ ሁለቴም መለስኩት። አንዲት የኮንትራት ጽዳት ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ብታጠፋ ሦስት ወሯን እንኳ አትጨርስም።

ጃንጥላዬን ይዤ ወደ መስጊድ ወጣሁ።

በሩ ላይ፣ በጫማ ክምር አጠገብ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ኢማሙ በድምፅ ማጉያው ስለ ሰብር ያስተምራሉ። ታጋሽ ሰው ምን ምን እንደሚያገኝ ይዘረዝራሉ። ረጅም ዝርዝር ነው። እኔ ጫማዎቹን እያየሁ የጀማል የትኛው እንደሆነ እፈልጋለሁ፤ የቸኮለ ሰው ጫማ ስለሆነ አንዱ እግሩ ተገልብጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቆምኩ። አንዲት ምጽዋት የምትለምን ሴት ቦታዋን የምቀማት መስሏት ክፉኛ አየችኝ። «ጫማ ነው የምጠብቀው» አልኳት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለችኝ።

ጀማል ሲወጣ ሰላም እንኳ አላልኩትም። «ቢጫው ቁልፍ ምንድን ነው?»

አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ አየር ላይ ሆኖ ቆመ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ድምፁ ከዝናቡ በላይ ተሰማ። ጫማውን ሳያስር ሮጠ። እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ ተከተልኩት። የሮቤ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ያገባች ሴት ጫማው ያልታሰረ ወጣት ተከትላ ስትሮጥ ሰው የሚለውን መገመት ግን አያዳግታችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈታሿ ላይ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የጻፍሽውን ትይዘዋለች፣ ግን አትሠራበትም፤ በመጨረሻ ቢጫውን ቁልፍ ተጭነሽ «አዎ፣ ይጽና» ማለት አለብሽ። እኔ ይህን ስሰማ አልገረመኝም። ፊርማ ያለው፣ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ በዚህ አገር የተንከራተተ ሰው እንዴት ይገርመዋል? የገረመኝ ከባሕር ማዶ የመጣች መሣሪያ ይህን ከማን እንደተማረች ነው።

ጀማል ተጫነው። «ምን ለወጥክ? ምክንያቱን ጻፍ» አለችው። ጻፈላት። ቀጥሎ የተቀመጡትን ደብዳቤዎች «አሁኑኑ አድርሺ» ብሎ አዘዛት፤ የዲሹ መስመር ግን በዝናብ ይንቀራፈፋል። አራት። ሦስት። ሁለቱ አንድ ላይ ሄዱ። አንድ። የመጨረሻው ቆየ፤ ከባድ ነገር የተሸከመ ይመስላል። ዜሮ። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር።

ጀማል ሊስቅ አፉን ሲከፍት ስክሪኑ መሙላት ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ከወዲያ ማዶ። ከመና። አንድ፣ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ።

«ለካ እነሱም ይልኩ ነበር» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። «ሲልኩ ፈታሿ በጎባ በኩል ነው የምትመልስላቸው፤ ‹ሰምቻለሁ› የምትለው ራሱ አይደርሳቸውም ነበር።»

ውስጡን መክፈት አንችልም፤ የምናየው ከማን ለማን እንደሆነና ርእሱን ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ከአዴ ዘሃራ ለጋሽ በላይ ነው። ርእሱ ላይ የኔ ስም ከነአባቴ አለ። ከፊቱ ደግሞ «ለሦስተኛ ጊዜ የተጻፈ» ይላል።

የተላከበትን ቀን ጀማል አነበበልኝ፤ ሐሙስ። እኔ የጠየቅሁት ገና አሁን ነው የሄደው፤ እሳቸው የሦስተኛ ጊዜውን ትናንት ጽፈዋል። ስለ እኔ ሦስት ጊዜ ምን የሚጻፍ ነገር አለ? ክስ ካልሆነ? ጥዬ መሄዴን፣ ምትክ ሳላስተካክል መውጣቴን፣ ምናልባት አንድ የጠፋ ባልዲ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ንጹሕ ወለል ሁለት ጊዜ ወለወልኩ።

ጋሽ በላይ አሥር ተኩል ላይ ረጥበው ገቡ። ካፖርታቸውን ሰቀሉ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ኮምፒውተሩን ከፈቱ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፊታቸው ግን ምንም አይናገርም። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡት፦

«‹ለሦስተኛ ጊዜ የተጻፈ። ሮቤ ቋሚ የጽዳት መደብ እንደሚከፈት ስለሰማን የወይዘሮ መኪያን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳትጠይቁን በወሩ መጀመሪያ ልከን ነበር። መልስ አጣን። ደግመን ላክን፤ ዝም አላችሁ። ልጅቱን ካልፈለጋችኋት እንደዚያ በሏት እንጂ፣ ነገ መና ከለከለቻት እንዳትሉ። ታማኝ ናት። ዝምታዋን ኩራት አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ አላወቃትም።›»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸ የመጨረሻው በደብዳቤ አጻጻፍ ሕግ አልተፈቀደም» አሉ። አትመው፣ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዘው፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብለውበት መቱት። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጀማል በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ራሱን ገመገመ። ሪፖርቱ ላይ «ከአካባቢው የመሬት አቀማመጥ ጋር የተያያዘ የቴክኒክ ችግር» ብሎ ጽፎታል። ከተሰበሰቡት አንዱ እጁን አወጣ፦ «እኔ ግን አልገባኝም፤ ታዲያ መና በጎባ በኩል አይደለም እንዴ?» ግማሹ ሰው ጀማል ምንም እንዳላጠፋ አምኖ ወጣ።

የመና ማማ ተጠግኖ ስልኩ ሲሠራ አዴ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። ምን እንደምል ሳስብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በአፍ የሰደቡትን ሰው በአፍ ይቅርታ ይጠይቁታል፤ በሆድ የሰደቡትንስ? «ይቅር ይበሉኝ» ብል «በምን?» ይሉኛል፤ ያላወቁትን ላሳውቃቸው ነው።

«መኪዬ! አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ? ነኢማ ደኅና ናት? ቋሚ ሆንሽ ወይ?»

«ሆንኩ፣ አልሐምዱሊላህ። አዴ፣ እኔ… በእርስዎ…»

አላስጨረሱኝም። «ስሚ፣ አንድ ነገር ከብዶኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ወረቀት ሳይደርስ ሲቀር አንድ ክፉ ሰው አፍኖባት ነው አልኩ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ማንም ይሁን፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ለአላህ ነገርኩበት። ሦስት ቀን። አሁን መሣሪያ ነው ይሉኛል። እውነት መሣሪያ ብቻ ነው?»

ጀማልን አሰብኩት። ጎባ ያለችውን እናቱን፣ ሊያገባ ያጫትን ልጅ፣ በዚያ ዝናብ የሚነዳትን ሞተር።

«መሣሪያ ነው አዴ» አልኩ። «ቢሆንም… ለጥንቃቄ ቢመልሱት።»

ሳቁ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ጊዜም ሲስቁ አልሰማኋቸውም ነበር።

«የተላከ ነገር እንዴት ይመለሳል ልጄ? ከኋላው የተሻለ እልክለታለሁ፤ ሮጦ ይቀድመዋል፣ ኢንሻአላህ። በይ አንቺም እጅሽን ዘርጊ፤ ያኔ ሳልመርቅሽ ነው የሄድሽው።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ይመርቃሉ፤ እኔ «አሚን» እላለሁ፤ በአንዱ «አሚን»ና በሌላው መካከል ደግሞ፣ ረቡዕ ዕለት ወደ መና የላክሁትን ክፉ ምኞት የሚቀድም አንድ ጥሩ ነገር፣ ዝም ብዬ በሆዴ እፈልጋለሁ።